ከቀኝ የምትጀምረው ልጅ

ጥቅምት ዘጠኝ ቀን 2017፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። መገናኛ አጠገብ ባለው ኮሌጅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እህቴ ጀናን ወረቀቱን ይዛ ቆመች፤ የመጀመሪያውን መስመር ከመሃሉ ጀመረችው።

"ቆይ" አሉ መምህር ለይኩን። አዲስ ገቢዎችን እንግሊዝኛ እያስነበቡ የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። "ከመስመሩ መጀመሪያ።"

"ከመጀመሪያው እኮ ነው ያነበብኩት፣ ቲቸር።"

ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገችው። በግራ ዳር ያሉት ቃላት ጭራሽ ያልተጻፉ ይመስል ዘለለቻቸው። ተራ የሚጠብቁት ልጆች መንሾካሾክ ጀመሩ።

እኔ ታላቋ ነኝ። ሲግናል ያለውን ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት ብቻዬን አልሄድም ስላለችኝ ነው። ጠዋት ቁርስ ስትቀምስ አስመልሷት ነበር። እናታችን የፈተና ፍርሃት ነው ብላ ውሃ ላይ ቁርኣን ቀርታ አጠጣቻት።

ሰው ሲስቅባት ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። "አይፍረዱባት፣ መምህር" አልኩ። "ከሀ ሁ በፊት ቁርኣን ቤት ነው የገባችው። ከቀኝ ካልጀመረች አይሆንላትም።"

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቁ። "እንግዲያው መጽሐፉንም ከኋላ ሽፋኑ እናስጀምራታለን!"

ጀናንም አብራ ሳቀች፤ ግን የቀኝ ጆሮ ግንዷን በመዳፏ ተጭና ነበር።

"ስሚኝ፣ ልጄ" አሉ መምህሩ ሳቃቸውን ትተው። "በዚህ ንባብ ፋርማሲ ላስገባሽ አልችልም። ይሄን ሴሚስተር መሠረታዊ እንግሊዝኛ ትወስጃለሽ። ወይም ሰሌዳውን እዪና ሌላ ምረጪ።"

"በአላህ፣ ቲቸር! ጋውኔን እንኳን አሰፍቻለሁ።"

"ጋውኑ አያነብልሽም።"

ሰሌዳውን አየች። "ማርኬቲንግ... አካውንቲንግ..." ዞር አለችብኝ። "ፋርማሲማ ድሮም አልጻፉትም።"

ፋርማሲ በግራ በኩል፣ ከሁሉም በላይ፣ በቀይ ተጽፏል።

"ለሷ ሰሌዳውንም ከቀኝ ጻፉላት!" አለ አንዱ ከኋላ። አሁንም ተሳቀ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የሳቂዎቹ ፊት አይለይም። በመስኮቱ በኩል እንጦጦ የለም፤ ያለ ወራቱ የመጣ ጉም ውጦት እስከ ሾላ ድረስ ወርዷል።

"አንዴ ብቻ ያስደግሟት፣ መምህር" ብዬ ለመንኩ። "እንደ አባት።"

ተነፈሱና በእጃቸው ቀጥይ አሏት።

ጀናን ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወረቀቱን እስከ ቀኝ ትከሻዋ ድረስ ገፋ አደረገችው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ አንድ ቃል ሳትዘል አነበበች። ስለ ንቦች ነበር። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ።

"እንዴ!" አሉ መምህር ለይኩን። "እስካሁን ስታላግጪብን ነበር?"

"ወላሂ አላላገጥኩም! እንዲህ ስይዘው መጣልኝ።"

"በይ እሺ፣ አሸነፍሽኝ። ፋርማሲ።"

እልል አልኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጀናን ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ "ዋርዲ! ዋርዲ፣ ሰማሽ?" እያለች በዓይኗ ፈለገችኝ። በሩን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየች።

"ዋርዲ፣ የት ሄድሽ?"

በግራዋ፣ ክንዷን ነክቼ ቆሜ ነበር።

"እዚህ ነኝ" አልኳት።

ኅዳር ላይ ትምህርት ሲጀመር ጀናን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ በግራ በኩል ያለውን እንዳታይ የከለላትም እሱ እንደሆነ ሐኪሙ ነገረን። የካቲት ሳይገባ ኮልፌ ቀበርናት።