የሚምለውን ሰው የመረጥኩ ቀን

"ሐጂ ኩልሚዬ ይማሉ" እላለሁ ከመጋረጃው ጀርባ። ወንድሜ ቡራሌ የሰማኝ አይመስልም።

"ማን?"

"ሐጂ ኩልሚዬ። ፍየል ነጋዴው።"

ጎንበስ ብሎ አፉን መጋረጃው ላይ ይለጥፋል። "ጤነኛ ነሽ አንቺ ሴትዮ? የሰመተር አጎት ናቸው እኮ! ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ለሱ ያልማሉ ለማን ሊምሉ ነው?"

"እሳቸው ይማሉ አልኩህ።"

የኛም የነሱም ጎሳ ሽማግሌዎች ግቢዬ ውስጥ ግራሩ ስር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሴት ስለሆንኩ እኔ በሩ ላይ በተሰቀለው ጨርቅ አሾልቄ ነው የማየው። ልጄ ሂባቅ ከኋላዬ ተኝታለች። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትሄድ ሰማያዊ የውሃ ቦቴ ገጭቷት ሄደ። ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነች እግሯ ይቆረጣል ብሎናል። ለኦፕራሲዮኑ ደግሞ ይሄን ቤት ብንሸጠውም አንደርስበትም።

ያልሄድንበት የለም። ፖሊስ "ምስክር አምጡ" አለን። የኢንሹራንስ ቢሮው ልጅ ሻይ ጋብዞን ሲያበቃ፣ የሚከፍለው የገጨው መኪና ኢንሹራንስ ነው፣ መኪናው ካልታወቀ ማን ይከፍላል አለን። ቡርኦ ውስጥ ሰማያዊ ቦቴ መዓት ነው። ሹፌሩ ሰመተር የሚነዳው ቦቴ ግን በማግስቱ አዲስ መብራት ተገጥሞለት ታየ። ሲጠይቁት "ድንጋይ ሰብሮት ነው" አለ።

የቀረን የሽማግሌ ዳኝነት ነው። ከነሱ ወገን አንድ ሰው እኛ እንመርጣለን። ያ ሰው ቁርኣን ይዞ "የገጫት ልጃችን አይደለም" ብሎ ከማለ ነገሩ አለቀ፣ ሁለተኛ አፋችንን አንከፍትም። አልምልም ካለ ግን ማሳከሚያውም ካሳውም በጎሳው ሁሉ ላይ ነው።

ቡራሌ ስማቸውን ሲጠራ በነሱ በኩል ሳቅ ይሆናል። የነሱ ተናጋሪ ሺርዶን ጭኑን ይመታል። "አላህ ይስጣችሁ! ይሄን ያህል እንደምትወዱን መች አወቅን?"

"የእህቴ ምርጫ ነው" ይላል ቡራሌ እያፈረ።

"ታዲያ እሷን እዚህ አስቀምጠህ አንተ ማጀት ብትውል ምን ነበረበት?"

እኔ ሐጂውን ብዙም አላውቃቸውም። አንዴ ለዒድ ፍየል ስገዛቸው፣ ከፍዬ ገመዱን ከያዝኩ በኋላ "ተይ፣ ይቺ ሌሊት ሌሊት ታስላለች፣ ያችኛዋን ውሰጂ" ብለውኛል። ይኸው ነው። በዚያች ፍየል ነው የልጄን እግር ያስያዝኩት። በሐሰት ቢምሉስ? የሳቸውን አኺራ፣ የወዲያኛውን ዓለም፣ ያበላሸሁት እኔ አልሆንም ወይ? ያ አላህ፣ እላለሁ፣ ሁለታችንንም አንተው ጠብቀን።

ሐጂው ይነሳሉ። አይስቁም። "ቁርኣን ልነካ ነው፤ ውዱእ ማድረጊያ ውሃ ስጡኝ" ይላሉ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ሰመተር ነው። ታላቅ ሲታጠብ ታናሽ ነው የሚያፈሰው፣ የሳቸው ታናሽ ደግሞ እሱ ነው። ጆጉን ይዞ ጎናቸው በርከክ ይላል።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። ቢስሚላህ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን። አይቸኩሉም። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው።

"ሐጂ፣ በዚሁ ዙህርንም ሊሰግዱበት ነው እንዴ?" ይላል ሺርዶን፤ ይሳቃል።

እርጥብ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ያሳልፉና ቀኝ እግራቸውን ይዘረጋሉ። በጣቶቹ መሐል እያስገቡ፣ የተሰነጣጠቀውን ተረከዝ እያሹ ያጥቡታል። ውሃው እግራቸውን ስቶ አሸዋው ላይ ይፈሳል።

"ወዲህ ነው ልጄ፣ ወዲህ አፍስስ።"

አያፈስም።

"አጎቴ፣ አይማሉ።"

ድምፁ ትንሽ ናት፣ ግን ግቢው ውስጥ ያልሰማት የለም።

"ለኔ ብለው አይማሉ። እኔ ነኝ። ወርጄም አይቻታለሁ፣ የሞተች መስሎኝ ነው የሄድኩት።"

ሺርዶን ብድግ ይላል። "ዝም በል አንተ! ማን ጠየቀህ?"

ሐጂው ዞረው አያዩትም። ልጁን ነው የሚያዩት። በጥፊ ሊሉት ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል ግራ እግራቸውን ይዘረጋሉ።

"ይሄኛው ቀርቷል" ይላሉ። "አፍስስልኝ።"

እያለቀሰ ያፈሳል። እሳቸውም ልክ እንደ ቀኙ፣ ጣት በጣት፣ ምንም ሳያጎድሉ ያጥቡታል። ዕድሜዬን ሙሉ ውዱእ ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ሰው ሲታጠብ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።

ይነሳሉ። ቁርኣኑን አልፈው፣ ባዶ እግራቸውን ወደኔ ይመጣሉ። ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው መጋረጃው ፊት ይቆማሉ።

"እህቴ፣ የኛ ልጅ ነው። የልጅሽ እግር በኛ ላይ ነው። መንገድ ላይ ጥሏት መሄዱ ደግሞ ለብቻው በኛ ላይ ነው።"

"አላሁ አክበር" ብቻ ይወጣኛል፣ እሱም በሹክሹክታ።

ከኋላቸው አንድ ሰው "በኔም ላይ ነው" ይላል። ሌላው ይከተላል። ሂባቅን ዓይተዋት የማያውቁ ሰዎች፣ ከሰል ሻጩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ዓይናቸው የማያይ አንድ ሽማግሌ፣ በየተራ "በኔም ላይ ነው" ይላሉ። ሺርዶን መጨረሻ ላይ ነው፤ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ይለዋል፣ ግን ይለዋል።

ከድንጋዩ እስከ በሬ ድረስ አሸዋው ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አለ። ሰው ሁሉ ሲወጣ በጎን በጎኑ እየዞረ ነው የሚወጣው። የሚረግጠው የለም።