የማይደርቀው ቀለም

ልጇ እንደወጣች ከቀረች ጀምሮ እናት እህል ውሃ አላሰኛትም። አሻንጉሊት ሠሪው ታናሽ ወንድሟ፣ ሐሳቧን ትረሳ እንደሆነ ብሎ፣ አውራ ጣት የምታህል የልጅቷን ምስል ቀርጾ ከቀለም ጋር አመጣላት።

«እትዬ፣ ጥቁሩን ቀለም በውሃ አቅጥነሽ ቀቢው። ራሱ ፈስሶ የቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ይገባል። የተረፈውን በጥጥ ጠረግ አድርጊው።»

ቀባች፤ ጠረገች። የምስሏ ጸጉር ግን እንደገና ረጠበ። ጥጥ ቀይራ ጠረገች። አሁንም ከጸጉሯ ወደ ጉንጯ ይንጠባጠባል። እናት እያለቀሰች ትጠርግ ጀመረች።

«ቀለም አብዝተሽ ነው እኮ፣ እትዬ» አላት።

ጥጡን መዳፏ ላይ ጨመቀችው። ጥርት ያለ ውሃ ወጣ፤ ከውሃውም ጋር ደቃቅ የወንዝ አሸዋ።

«ወንድምዬ» አለች፣ «ወንዙ ውስጥ ፈልጋችኋል?»