ምላስህን አንሳ

የእናቱ ተዝካር በወጣ ማግስት፣ አክስቱ የሉማሜ መኪና እንዳያመልጣት እየተጣደፈች ከደጃፉ ላይ ቆመች። «ፈንታ፣ አንተ እኮ ድነሃል፤ ተዝካሩንስ እንዲህ አሳምረህ አውጥተህ የለም? ያን የጭንቅላት ክኒን ተወውና ጠበልህን ብቻ ጠጣ» አለችው። «እሺ እቴቴ» ብሎ ሸኛት።

ሲመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ከተዝካሩ የተረፈ ዳቦ ቀመሰና ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። ምድጃው አጠገቡ ነው፤ አመዱ ውስጥ ጣል ቢያደርገው የሚያይ የለም። የጤና ጣቢያው ነርስ «ድምፆቹ ጠፉልኝ ብለህ በራስህ እንዳታቆመው፤ ይመለሱብሃል» ብሎታል። ቢመለሱስ? ብሎ አሰበ። ቢያንስ ቤቱ ውስጥ የሚናገር ይኖራል።

ቢሆንም ዋጠው። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ እናቱ መደብ ዞሮ አፉን ከፈተና ምላሱን ወደ ላይ አነሳ። «ምላስህን አንሳ እስቲ፣ ከሥሩ እንዳትደብቃት» ትለው ነበር በየጠዋቱ። አሁን መደቡ ላይ ያለው የተጠቀለለ አጎዛዋ ብቻ ነው። አፉን እንደ ከፈተ ቆየ። እናቱ ከመሞቷ በፊት ዓይኗ ከጠፋ አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። አምስቱን ዓመት ሙሉ እሱ አፉን ሲከፍትላት፣ እሷም ሳታይ «ጎሽ የኔ ልጅ» ስትለው ኖረዋል።

«ዋጥኋት እማየ» አለ፣ መደቡ እንዲሰማው ጮክ ብሎ።