የወንዝ ልጅ

ፀጉር ሠሪዋ አዲሱ ማስታወቂያዋ ላይ «ራይቫል የሌለው የውበት ሳሎን» ብላ ልታስጽፍ መሆኑን ስትናገር ቋንቋ የምታጠናው ልጇ ሳቀች። «እማዬ፣ ራይቫል የእንግሊዝኛ ቃል ሆኖ ተቀናቃኝ ከመባሉ በፊት፣ በላቲን ከአንድ ወንዝ ውሃ የሚጋራ ሰው ማለት ነበር።»

«የወንዝ ልጅ በይኛ! ታዲያ የወንዝ ልጅ እንዴት ባላንጣ ይሆናል?»

«በውሃው ሲጣላ ነዋ።»

ይህን ስትል በሩ ብርግድ አለ። ከእናትየው ጋር ከተኮራረፈች የከረመችው የጎን ሳሎን ባለቤት፣ ፀጉሯ በቀለም የተለወሰ፣ ፊቷን በፎጣ የሸፈነች ደንበኛ እየጎተተች ገባች። «ውሃ ሄደብኝ» አለች፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ። «አንቺ ታንከር አለሽ። ይቺ ሰው አሁን ካልታጠበች ፀጉሯ መርገፉ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ቧንቧውን ያዘች እንጂ አልከፈተችም። ልቧ «ይርገፍ!» አላት። ቢረግፍ የጎረቤቷ ስም በአንድ ቀን አፈር ድሜ ይበላ ነበር። ደንበኛዋ ግን ፎጣው ውስጥ ሆና «ኧረ አናቴ ተቃጠለ!» ብላ ስትጮህ አንጀቷ አልችል አለ። ቧንቧውን ከፍታ፣ ራሷ ጎንበስ ብላ እያሸች አጠበቻት።

ፎጣው ሲወርድ የፀጉር ሠሪዋ እጅ ቀጥ አለ። «አንቺ! ሰፈር ቀየርኩ ብለሽ እኔ ጋ መሠራት ትተሽ አልነበር እንዴ?»

ደንበኛዋ ዓይኗን ጨፈነች። «እትዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ምንም አይሰማኝም።»

ቀድማ በሳቅ የፈረሰችው ጎረቤቷ ነበረች። ፀጉር ሠሪዋ ልትቆጣ አፏን ብትከፍት፣ የወጣው የራሷ ሳቅ ሆነ።