በየሳምንቱ ትልቁን ጥቅል የሚገዙት ልብስ ሰፊ

«እትዬ፣ የድምፅ ጥቅል ይሻልዎታል እኮ... ቪዲዮው ገንዘብዎን እየበላው ነው።»

«ትልቁን የኢንተርኔት ጥቅል ሙላልኝ ልጄ» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ እንደ ወትሮው።

ስልክ ጠጋኙ ራሱን እየነቀነቀ ሞላላቸው።

የሰፈሩ ሰው ጠጋኙን «ኔትወርክ» ነው የሚለው... ሲፈለግ ስለሚጠፋ።

ሴትዮዋ ከጥገና ሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው... ውጭ አገር አግብታ በቅርቡ ወልዳለች።

ኔትወርክ ይሄን ሁሉ ያውቃል።

ያልገባው አንድ ነገር ነው... የሰው ሱሪ እያሳጠሩ የሚኖሩ ሴት፣ ያገኙትን ለምን ቪዲዮ ላይ ያፈሱታል?

«ልጅዎ ጋ ኢንተርኔቱ እንዴት ነው?» አላቸው አንድ ቀን።

«እሷማ ምን አለባት» አሉ እየሳቁ። «ወር ሲገባ አንዴ ትከፍላለች፣ ከዚያ ቀን ከሌት እንደተለቀቀ ነው። የአንድ ቀን ደሞዟን እንኳ አይነካም አለችኝ። እኔ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሰፍቼ የገዛሁት ሳምንት አይደርስም። ፍጥነቱንማ ተወው... እሷ ጋ ሲሮጥ የነበረ ምስል እኔ ጋ ሲደርስ ማነከስ ይጀምራል።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ።

ኔትወርክም ሳቀ... በልቡ ግን «ጉራ ነው፣ ውጭ አገር ልጅ አለችኝ ለማለት ነው» ብሎ ደመደመ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ...

ሴትዮዋ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጡ ገቡ።

«ልጄ፣ እባክህ የሱቁን ዋይፋይ... ምስሉ ደረቀብኝ። እየጠበቀችኝ ነው።»

ኔትወርክ ዋይፋዩን ለሰው መስጠት አይወድም። ፊታቸውን ሲያይ ግን አላስቻለውም፤ ስልካቸውን ተቀብሎ አገናኘላቸው።

ስልኩን ባንኮኒው ላይ ካርቶን አስደግፈው አቆሙት።

ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ... ልጃቸው፣ ክንዷ ላይ የምታለቅስ ጨቅላ ይዛ።

ኔትወርክ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ» ሲሉ ሊሰማ ጠበቀ።

ሴትዮዋ አልተናገሩም።

ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው የሕፃኗን ልቅሶ አዳመጡ። ከዚያ ቀና ብለው ሁለት እጃቸውን አነሱና... በጣቶቻቸው ማውራት ጀመሩ።

ልጃቸው እጃቸውን እያየች ራሷን ነቀነቀች። ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

ትንሽ ቆይቶ ሕፃኗ አገሳችና ዝም አለች።

ሴትዮዋ ሳቁ። ልጃቸውም ሳቀች።

የኔትወርክ መፍቻ እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«እትዬ... ልጅዎ...»

«አትሰማም» አሉ። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ። ባሏም እንደሷ ነው። ልጃቸው ግን ትሰማለች፣ እንደ ማንም ሕፃን ታለቅሳለች። ስታለቅስ የሚበራ መብራት ቤታቸው ውስጥ አለ... መብራቱ ግን አለቀሰች ነው እንጂ የሚለው፣ ለምን እንዳለቀሰች አይናገርም። የረሃብ ልቅሶ አለ፣ የሆድ ቁርጠት አለ፣ የእንቅልፍ አለ። እሱን እኔ ሰምቼ እነግራታለሁ።»

የሜትራቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ ጨመሩ...

«ምስሉ ሲቆም እጄ አየር ላይ ይቀራል። እኔ ልቅሶውን እየሰማሁ፣ እሷ የምላትን ሳታይ... ያን ጊዜ ነው የምሞተው።»



በማግስቱ ጠዋት ኔትወርክ በራቸውን አንኳኳ።

«እትዬ፣ የስፌት መኪናዎን ወደ ሱቅ እናምጣው። መስኮቱ ስር ቦታ አለ። የሱቁ መስመር ሥራ ኖረም አልኖረም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።»

«በነፃማ አልገባም ልጄ።»

«ማን በነፃ አለዎት? የሱሪዬን ዚፕ ይቀይሩልኛል። ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ በመርፌ ቁልፍ ይዤው ነው የምውለው።»

ሳቁ... ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወራት አለፉ።

ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ተለመደ። ኔትወርክም ልጃቸውን በእጁ «ደህና አደርሽ» ማለት ቻለ። ደንበኛ ጮክ ብሎ ሲያወራ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ሕፃን ተኝታለች» ይለዋል... ደንበኛው ዞር ዞር ብሎ ቢፈልግ ሕፃን የለም። ሕፃኗ ያለችው ባሕር ማዶ ነው።

አንድ ቀን የስፌት መኪናው ድንገት ቆመ።

ሴትዮዋ በስልኩ «እማ በያት... እማ» እያሉ ሕፃኗን ሲያለማምዷት ነው የከረሙት።

ያን ቀን ከስልኩ አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች...

«እ...ማ።»

«ሰማህ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ሰማሁ እትዬ።»

እጃቸውን አነሱ። በጣቶቻቸው ለልጃቸው ነገሯት። *ልጅሽ ጠራችሽ።*

ልጃቸው አላመነችም። እንደገና ንገሪኝ አለች በእጇ። ደገሙላት።

ሕፃኗም ደገመች።

ያን ጊዜ እናቲቱ ሁለት ጣቷን የሕፃኗ ጉሮሮ ላይ ቀስ አድርጋ አሳረፈች... ሕፃኗ አሁንም «እማ» ስትል፣ የልጇን የመጀመሪያ ቃል በጣቷ ሰማችው።

ኔትወርክ ተነስቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገ... ደንበኛ ትንሽ ይቆይ ብሎ።

ወዳጆቼ...

ለእኛ ቅንጦት የሚመስለን ነገር ለሌላው ሰው ጆሮው ሊሆን ይችላል። ሰው ገንዘቡን ምን ላይ እንዳዋለ አይተን ከመፍረዳችን በፊት፣ ቁጭ ብለን እንጠይቀው። እኛ ጋ ተርፎ የሚውል ነገር ካለ ደግሞ፣ ጎረቤታችን እሱን ሲፈልግ ከርሞ ሊሆን ይችላል።

እናንተስ... ሩቅ ካለ ከምትወዱት ሰው ጋር ስታወሩ፣ መስመሩ ተቋርጦ ሳትነግሩት የቀራችሁት ነገር አለ?

እዚህ ታች ጻፉለት... ማን ያውቃል፣ ያነበው ይሆናል።