ከበሩ ግራና ቀኝ

የሆስፒታሉ የአትክልት ክፍል ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ሲቀራቸው ሁለቱን አትክልተኞቻቸውን ጠርተው በዋናው በር ግራና ቀኝ ያሉትን የአበባ መደቦች አካፈሏቸው። የግራው ለነባሩ፣ የቀኙ ለአዲሷ። ሁለቱም ዳፎዲል ይተክላሉ። ኃላፊዋ በሚሰናበቱበት ሳምንት መደቡ አምሮ ያበበለት ወንበራቸውን ይረከባል።

ነባሩን ሰው ሁሉ «ቀጥ አርጌ» ይለዋል። ገመድ ሳይወጥር አጥር ከርክሞ አያውቅም። በዚያ ግቢ ሃያ አንድ ዓመት ሠርቷል። አዲሷ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነው።

ቀጥ አርጌ ወንበሩ የእሱ እንደሆነ ለሚስቱ ከነገራት ቆይቷል። እሷም ለእህቶቿ ነግራለች። ስለዚህ የውድድሩ ነገር አናደደው። ከሁሉ ያንገበገበው ግን ሌላ ነው። ኃላፊዋ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ቢሮ ጠርተው ሻይ ጠጣ ብለውት አያውቁም። ልጅቷን በመጣች በሳምንቷ ጋበዟት። አሁን በመስኮቱ ሥር ባለፈ ቁጥር የሁለቱ ሳቅ ይሰማዋል፤ በእሱ የሚስቁም ይመስለዋል።

ልጅቷ ደግሞ ሰው አክባሪ ናት። ደህናውን መኮትኮቻ ለእሱ ትታ እጀታው የተሰነጠቀውን ትይዛለች። ባልዲ ተሸክሞ ካየችው ሮጣ ትቀበለዋለች። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ልጅቷ ጨዋ መሆን አለባት አለች።

«ማር የተቀባች ምላጭ ናት» አላት።

ዳፎዲል ቢጫ አበባ ነው። የሚተከለው እንደ ሽንኩርት ድቡልቡል የሆነው ሥሩ ነው። ሹል ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ የቁመቱን ሦስት እጥፍ ጠልቆ፣ ውሃ በማይቋጥር አፈር ውስጥ ይቀበራል። ብርድ ካልቀመሰ ግን አያብብም። ብርዱ በሚጠናበት አገር መሬቱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፣ ቅዝቃዜው ሲለቅም ከአበቦች ሁሉ ቀድሞ ይወጣል። ብርዱ በማይበቃበት ቦታ ከመተከሉ በፊት ሦስት ወር ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይከርማል።

ፍሪጁ በመሣሪያ ክፍሉ ጥግ የቆመ አሮጌ ፍሪጅ ነው። ኃላፊዋ የላይኛውን መሳቢያ ለቀጥ አርጌ፣ የታችኛውን ለልጅቷ ሰጡ። ሁለቱም አርባ አርባ ሥር አንድ ዓይነት የወረቀት ከረጢት ውስጥ ጨመሩ። ስማቸውን በካርቶን ቁራጭ ጽፈው ከሥሮቹ ጋር ከተቱና አፉን በገመድ አሰሩ። ከውጭ የተለጠፈ ስም በእርጥበት ስለሚላጥ የክፍሉ ልማድ እንዲህ ነው።

ኃላፊዋ በየዓመቱ የሚሉትን ደገሙ፤ ፍሪጁ ውስጥ ፍራፍሬ እንዳይገባ። የበሰለ ፖም ትንፋሽ ሥሩ ውስጥ ያለችውን አበባ ገና ሳትወለድ ይገድላታል። ቅጠሉ ይወጣል፣ አበባ ግን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ቀጥ አርጌ ልጅቷን ፍሪጁ ፊት ተንበርክካ አገኛት። ሁለቱም መሳቢያዎች ተከፍተዋል። ልጅቷ ደንገጥ ብላ ተነሳች። በእጇ የያዘችውን የሙቀት መለኪያ አሳይታ ቅዝቃዜውን እየለካች እንደነበር ነገረችው። እሱም ጎበዝ አላት።

ስትወጣለት የላይኛውን ከረጢት አንስቶ በእጁ መዘነው። አልጎደለም። ገመዱም እንደታሰረ ነው። ቢሆንም ልቡ አላመናትም።

«ዛሬ ባታደርገው ነገ ታደርገዋለች» አለ ቤቱ ሲገባ። «ሳትቀድመኝ ልቅደማት እንጂ።»

ሚስቱ በምን እንደሚቀድማት ጠየቀችው። 

በሳምንቱ ሁለት የበሰሉ ፖሞች በጨርቅ ተጠቅልለው ከታችኛው መሳቢያ ጥግ፣ ከከረጢቱ ኋላ ተወሸቁ። ኃላፊዋ በዚያው ሳምንት ፍሪጁ እስከ መትከያው ቀን እንዳይከፈት አዘው ስለነበር የሚያያቸው አልነበረም። ቀጥ አርጌ ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት አሮጌዎቹን በአዲስ ይለውጣል፤ የወጡትንም እየገመጠ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ከመትከያው ቀን በፊት ጨርቁንም ፖሙንም አነሳ። በነጋታው ልጅቷ ከረጢቶቹን አውጥታ ፈታች፣ ስም አይታ የእሱን ሰጠችው። ገመድ ወጥሮ ተከለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሁለቱም መደቦች ቅጠል ብቅ አለ። የእሱ እንዲያውም የልጅቷን በጣት ይበልጣል። ደስ አለውና በእሷ መደብ በኩል ሲያልፍ ያጽናናት ጀመር።

የኃላፊዋ የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጠዋት የቀኙ መደብ ቢጫ ለብሶ ተገኘ። ሐሙስ በሽተኞቹ ሳይቀሩ ቆመው ያዩት ነበር። የግራው መደብ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ያለ ቅጠል ብቻ ነው። ቀጥ አርጌ ተንበርክኮ አርባውንም እየገለጠ ፈተሸ። አንድም እንቡጥ አላገኘም።

ያኔ ፍሪጁ፣ የተከፈቱት መሳቢያዎችና የልጅቷ ድንጋጤ አንድ ላይ ትዝ አሉት።  እሱ ሲያስብ እሷ ጨርሳለች።

ኃላፊዋ ልጅቷን አስከትለው መጡና ምን እንደነካበት ጠየቁት።

«ፖም ነው የነካው» አለ። «ይህቺ ልጅ መሳቢያዬ ውስጥ ፖም አስቀምጣ ነው። ሁለቱንም ከፍታ ስትጎረጉር በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።»

ቆመው የነበሩት በሽተኞች ወደ ልጅቷ ዞሩ። ኃላፊዋ ያን ጠዋት ፍሪጁ ጋ ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቋት። ልጅቷ አፍራ መሬት መሬት እያየች መለሰች።

«ጋሼ፣ የላይኛው በደንብ ስለማይቀዘቅዝ የእርስዎን ከረጢት ወደ ታችኛው፣ የእኔን ወደ ላይኛው እያዛወርኩ ነበር።»