ከሕፃናቱ ኋላ

ሰካራሙ ደባልቄ ነጠላውን አጣፍቶ ለመቁረብ ከሕፃናቱ ኋላ ሲሰለፍ፣ ፊት ቆሞ የሚያስቀድስ አንድ ሰው ደሙ ፈላ። እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ሰንበት ሳያጓድል፣ አንድም ቀን ግድግዳ ሳይደገፍ አስቀድሷል። ሰባቱን አጽዋማት ጥሬ እየቆረጠመ ጾሟል። ደባልቄ ግን የዘንድሮን ፋሲካ እንኳ ያነጋው ጠጅ ቤት ደጃፍ ተዘርሮ ነው!

ይባስ ብሎ፣ ቆርቦ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሲመለስ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውየው የሚያለቅስ መስሎት ትንሽ ቀለል አለው። ቀረብ ሲል ግን የደባልቄ ዓይኖች እየሳቁ ነው። እንደ ልጅ!

ቅዳሴው እንዳበቃ ሰውየው መስቀል እንኳ ሳይሳለም የነፍስ አባቱ ፊት ተገተረ።

"አባቴ፣ ይህን ሰካራም በምን ብቃቱ ነው ያቆረቡት?"

"ንስሐ ገባ። ና አልኩት፤ መጣ።"

"እንዲህ በቀላሉ? የእኔ ጾም፣ የእኔ ስግደት ታዲያ የት ሊገባ ነው?"

ቁጣ የማያውቁት ሽማግሌ ቄስ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"አንተንማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ና፣ ቁረብ ብዬ ለመንኩህ! 'ገና ነኝ አባቴ፣ አልበቃሁም' እያልክ አንዲት ቀን ሳትቆርብ ይኸው ሸበትክ። እሱን በቅተሃል ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም።"

"ታዲያ ምን ብለው ጠየቁት?"

"ርቦሃል ወይ አልኩት።"